አገር ያለው ማሽን

ዛሬ ጠዋት መስኮቱን ገርበብ ባደርገው የቤንዚን ሽታ ገባ። ብርድና የተቃጠለ ቤንዚን ሲቀላቀሉ ሽታቸው ሌላ ነው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወደ ታች ሳይ አንድ ወጣት የአፓርታማችንን መግቢያ በስኖ ብሎወር፣ በበረዶ መጥረጊያ ማሽን፣ ይጠርጋል። ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቷል፤ ማሽኑን የሕፃን ጋሪ እንደሚገፋ ሰው ዘና ብሎ ይገፋዋል። እኛ እዚህ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ከገባን ወዲህ በረዶ የእኛ ሥራ መሆኑ ቀርቷል። ሌላ ሰው ይጠርጋል፣ እኔ በመስኮት አያለሁ። ጉልበቴም አልቋል፤ ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ ቆሜ መተንፈስ ጀምሬአለሁ። ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ምን ይጽፋል ትሉ ይሆናል፤ ያ ሽታ ግን አንዴ ከገባ በኋላ ዝም ብዬ ሻዬን መጠጣት አልቻልኩም።

ያኔ፣ እኛም እንዲህ ያለ ማሽን በነበረን ጊዜ፣ ኩን ራፒድስ የሚባል ከተማ ነበርን። ከዚያ በፊት ደግሞ ስኔሊንግ አቨኒው አጠገብ፣ ዩኒቨርሲቲ አቨኒው ከሚያቋርጠው ጥግ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። አሁን በዚያ ባቡር ይሄድበታል፤ ያኔ አውቶቡስ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ታደሰ ታክሲ ይነዳል። ታክሲ ነጂዎቹ ጥጉ ላይ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ፊት ለፊት መኪናቸውን ይደረድሩና፣ ጥቁር የቆዳ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ሻያቸውን ፉት ፉት አድርገው ይሮጣሉ። ምግብ ቤቱ በር ላይ የስልክ ካርድ ይሸጣል፤ የአምስት ዶላሩ ብዙ ያናግራል ብለው ይሰጡሻል፣ እናትሽን "ደህና ነሽ?" ብለሽ ሳትጨርሺ ይቆረጣል። አንድ ጋሎን ቤንዚን ሁለት ዶላር ያልሞላበት ዘመን ነው። ሴቶቹ ሁላችንም እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ አንድ ዓይነት ወፍራም ጃኬት ነበረን፤ ፌርማታው ላይ ስንቆም ግድግዳ የተደገፉ ፍራሾች እንመስል ነበር። ከዚያ የቤት መግዛት ወረርሽኝ መጣ። ሰው በተገናኘ ቁጥር ሰላምታው "ገዛችሁ?" ሆነ። ታደሰ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሳያማክረኝ ወደ ሰሜን ነዳና አንድ ነጭ ቤት በር ላይ አቆመ። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ሁለት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ ያለው፣ ከጋራዡ እስከ መንገዱ ደግሞ ረጅም ድራይቭዌይ። ሰመር ነበርና ሣሩ ያምራል። "ይሄ ሁሉ ለመኪና መግቢያ?" አልኩት። "ይሄ ሁሉ የእኛ ነው" አለኝ። ያ ድራይቭዌይ በረዶ ሲለብስ ምን እንደሚመስል ማናችንም አላሰብንም።

የመጀመሪያዎቹን ዊንተሮች ታደሰ በአካፋ ገፋው። ታክሲውን መንገድ ላይ ያቆምና በሩን ከፍቶ፣ የሚወደውን የድሮ ካሴት እየሰማ በረዶውን ይዝቃል። ካሴቱ ከመደጋገሙ የተነሳ ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስል ነበር። ጎረቤታችን ሮጀር የሚባል ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። አንድ ቀን እኛ ሳንወጣ በራሱ ማሽን ግማሹን ጠርጎልን አገኘን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልለው ስወጣ ታደሰ ክንዴን ያዘኝ።

"አቅም ያነሰን መስሎት ነው።"

"ጎረቤት አይደለም እንዴ? ምን አለበት?"

"ብርቄ፣ ዛሬ በረዶዬን ጠረገልኝ፣ ነገ ደግሞ ልጄን ያሳድግልኝ?"

ስሜ ብርቅነሽ ነው፤ ብርቄ ይለኛል፣ ሲቆጣ ብቻ ስሜን ሙሉ ይጠራል። ሄደና ሮጀርን በትሕትና ሁለተኛ እንዳይደግም ለመነው። ሰውየው ግራ ተጋብቶ ራሱን ነቀነቀ።

ኋላ የታደሰ ልብ ታመመ። ያን ቀን ማስታወስ አልወድም። ብቻ ከኤርፖርት መንገደኛ ጭኖ እያለ ደረቱን ያዘው፤ ስልክ የደወለለት መንገደኛው ነው። ደም ሥሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቱቦ አስገቡለት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቃሉን ለሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው ቆራርሳ ነው የምትናገረው። "ኖ ስሞኪንግ። ኖ ሾቭሊንግ።" ሲጋራም አካፋም የለም ማለቷ ነው።

"ስሞኪንግስ ድሮም የለብኝም" አለ ታደሰ መኪና ውስጥ ስንገባ። "ሾቭሊንግ የምትለውን ግን እሷ የት ታውቀዋለች? እጇን አላየሽም? አካፋ ይዛ አታውቅም።" ስቄለት ነበር። እሱን ባጣ ምን እሆናለሁ እያልኩ ግን ነው የሳቅሁት። እንግሊዝኛዬ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ነው፤ አንሶላ፣ ፎጣ፣ ሙቅ፣ ቀዝቃዛ፣ ከዚያ አያልፍም። መኪናም ያኔ አልነዳም። ቤቱ በእሱ ስም፣ ስልኩ በእሱ ስም፣ ሁሉ ነገር እሱ የሚያውቀው ነው። ልጃችን ሄለን አሥር ዓመቷ ነው።

በዚያው ሰሞን ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ለታመመች ሴት አምቡላንስ መጣ። ድራይቭዌያቸው አልተጠረገም፤ አምቡላንሱ መግባት አቅቶት መንገድ ላይ ቆመ። ሰዎቹ አልጋውን ተሸክመው እስከ ጉልበታቸው እየሰመጡ ሲሄዱ፣ አንዱ ሲንሸራተት፣ አልጋው ሲያጋድል በመስኮት አየሁ። ሴትየዋ ትዳን አትዳን አልሰማሁም። ከዚያ ወዲያ ግን በረዶ በወረደ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጣው እነዚያ አልጋ የተሸከሙ ሰዎች ናቸው። ድራይቭዌያችን መጠረግ ነበረበት፤ ሁልጊዜ፣ ወዲያው፣ አምቡላንስ እስከ ጋራዡ እንዲደርስ። ታደሰ ደግሞ አካፋ መንካት የለበትም። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። ልቡ ለታመመ ሰው "አምቡላንስ እንዲገባልህ" ተብሎ ይነገራል? "ሥራ እንዳይረፍድብን ነው" ነበር የምለው።

ስኖ ብሎወር እንግዛ ያልኩት እንግዲህ ለዚህ ነው። ከዚያ በፊት ዕቃ ግዛ ብዬው አላውቅም። በዋጋው የዚያን ጊዜ ደህና ሶፋ ይመጣ ነበር፤ እኛ ቤት ደግሞ የሄለን ጓደኞች ሲመጡ መሬት ላይ ነበር የሚቀመጡት። ቢሆንም አንድ ቅዳሜ የሰው ቫን ተውሰን አዲሱን፣ ቀይ ቀለም የተቀባውን አመጣን። ጋራዥ ውስጥ ካርቶኑን ስንቀድለት የጎማ ሽታው ቤቱን ሞላው። ሄለን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አብሮት የመጣውን መጽሐፍ ታነባለች። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው።

"ማሚ፣ ዚስ ኢዝ ዚ ኦገር" አለች፣ ከፊት ያለውን ጥርሳም፣ እየተሽከረከረ በረዶውን የሚበላውን ብረት እያሳየችኝ።

"አገር?"

"ኦ-ገር! ኔቨር ፑት ዩር ሃንድ ኢን ዚ ኦገር።"

"ምን አለች?" አለ ታደሰ፤ ጎንበስ ብሎ ብሎን ያጠብቅ ነበር።

"እጅሽን አገር ውስጥ አታስገቢ ነው የምትለው።"

ታደሰ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። መፍቻውን ጣለው። "ይሄንንማ አባቴም ነግሮኝ ነበር!" አለ። "ሰምቼው ቢሆን ሱዳንም አልገባ፣ እዚህም አልመጣ።"

"ኢትስ ኖት ፈኒ!" አለች ሄለን። አማርኛው ጠፍቶባት በአንድ እጇ መቀስ ሠርታ የሌላውን እጇን ጣቶች ቆረጠችልን። ሳቃችን ቆመ። ያ ብረት ግን በቤታችን አገር ተብሎ ቀረ። "አገሩ ተዘጋ"፣ "አገሩ ድንጋይ ጎረሰ"፣ "አገሩን አብርደሽ ተጠጊ" እንባባል ነበር። እንግዳ ሲሰማን ፖለቲካ የምናወራ ይመስለዋል።

ማሽኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። ታደሰ ንዝረቱ ደረቱን ስለሚረብሸው አልፈቀድኩለትም። እሱ ያዛል፣ እኔ እሠራለሁ። ቤንዚን የምትገፋውን ቀይ ላስቲክ በአውራ ጣት ተጫኚ፣ ከዚያ ገመዱን ሳቢ። መጀመሪያ ሰሞን ገመዱን ስስበው እሱ እኔን መልሶ ይስበኝ ነበር። ከመጀመሬ በፊት የሞተሩን ዘይት በመለኪያ ዘንጉ አያለሁ። ቤንዚን ሲቀመጥ እንደሚበላሽ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ዊንተሩ ሲያልቅ ሞተሩ እስኪጠፋ አስነስቼ ታንኩን አደርቀዋለሁ። አገሩን ከዘንጉ ጋር የምታያይዝ አንዲት ቀጭን ብሎን አለች፤ ድንጋይ ሲገጥመው ሞተሩ እንዳይሰበር እሷ ትሰበራለች። መለዋወጫዋን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከመሐረቤ ጋር ይዤ ነበር የምዞረው። በረዶው የሚተፋበት አንገቱ ላይ እንዳይጣበቅ ደግሞ እንደ መጥበሻ የምግብ ዘይት ቀባሁት። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያው ልብስ ማጠቢያ ውስጥ፣ አብራኝ የምትሠራ ጫልቱ የምትባል የነቀምት ልጅ ነበረች፤ ስለ ማሽኑ ስነግራት እጄን ያዘችና ጣቶቼን አገላብጣ አየቻቸው።

"አንቺ ብርቄ፣ እኛ ሕንፃ አንድ ሰውዬ ሁለት ጣት የላትም። እሷ ማሽን ናት የበላችው። ደግሞ ጠፍታ! ጠፍታም ትነክሳለች እኮ!"

ከዚያ ወዲያ አንገቱ ሲደፈን በትልቁ የወጥ ማማሰያ ነበር የምጎረጉረው። "ሽሮ አደረግሽው" ይለኛል ታደሰ ከጋራዡ በር። ይሳቅ። እየሳቀ እዚያው ይቁምልኝ፣ አካፋ አይንካ እንጂ።

አሁን ስለዚያ ጠዋት ልጻፍ። በረዶው ከዚያ በፊት ከነበረው ቀን ጀምሮ ሲወርድ አድሮ ቆመ። የከተማው በረዶ ገፊ መኪና አልፎ ስለነበር መንገዱን ጠርጎ የጠረገውን ሁሉ የእኛ መውጫ ላይ ከምሮታል። ግድግዳ በሉት። ጠንካራ፣ ግራጫ፣ ወገብ የሚደርስ። ትምህርት ቤት ዘግይቶ ይከፈታል ስለተባለ ሄለን ቦርሳዋን አዝላ ከክምሩ ወዲያ፣ ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ አውቶቡሷን ትጠብቃለች። እኔ ሁለት ሱሪ ደርቤ፣ የታደሰን ካፖርት ለብሼ፣ ነጠላዬን ጭንቅላቴ ላይ ጠምጥሜ ከላይ ኮፍያ አድርጌበታለሁ። ታደሰ ጋቢ ደርቦ በነጠላ ጫማ ጋራዡ በር ላይ ቆሟል። ማሽኑ ሁለት መያዣ አለው፤ ግራው ጎማውን ያስኬዳል፣ ቀኙ አገሩን ያሽከረክራል። መሃል ላይ ቁጥር ያለው ማርሽ አለ። ሁልጊዜ ቁጥር አንድ ላይ ነበር የማደርገው። ያን ግድግዳ ሳይ ግን ትልቁ ቁጥር ትልቅ ጉልበት መሰለኝ፤ ወደ መጨረሻው ወሰድኩት።

ማሽኑ ዘሎ ሄደ። ድራይቭዌዩ ወደ መንገዱ ትንሽ ያዘቀዝቃል። እግሬ መሬት መያዝ አቃተው፤ እየተንሸራተትኩ ከኋላው እጎተታለሁ።

"ያዢው!" ብሎ ጮኸ ታደሰ። "ብርቄ፣ ያዢው! እንዳትለቂው!"

ያዝኩት። ባላገር ያደግን ሰዎች ነን፤ በሬ ሲያመልጥ ገመዱን፣ ልጅ ሲያመልጥ እጁን መያዝ ነው የምናውቀው። ባጠበቅሁት ቁጥር ግን ባሰበት። ክምሩን ነክሶ፣ ቀዶ፣ ወደ ላይ እየተፋው ገባበት። ከክምሩ ወዲያ የሄለንን ሮዝ ኮፍያ አያለሁ። እሷም ቦታዋ ላይ ደርቃ ቀርታለች።

"ሌት ጎ! ማሚ፣ ሌት ጎ!"

"ያዢው!" ይላል አባቷ ከኋላ።

ሁለቱም ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ፤ እጄ የሰማው የባሌን ነው። ጨመቅሁት። ያኔ ሄለን ከፍ ባለ ቀጭን ድምፅ "ልቀቂ! ልቀቂው!" አለች። በአማርኛ። ያቺ ልጅ በአማርኛ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እጄ በራሱ ተከፈተ። ጎማው ቆመ፣ አገሩ ቆመ፤ ሞተሩ ብቻ ባለበት ይንደቀደቃል። የበረዶው ክምር ተቀዶ የልጄ ቦት ጫማ ፊት ለፊቴ ታየኝ። እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ስቆም ሁልጊዜ እለቀው ነበር፤ ያን ጠዋት ግን ማሽኑ የሚሄደው ስለያዝኩት መሆኑ ጠፋኝ። ሄለን ከመጽሐፉ ላይ አንብባልን ነበር አሉ፤ ከያዝከው ይሄዳል፣ ከለቀቅከው ይቆማል የሚል። በዚያ ሰዓት ማን ያስታውሳል? ዛሬም ቢሆን ታደሰ "እኔ ያዢው ያልኩት ማርሹን ነው" ብሎ ይከራከረኛል።

ያን ቀን ግን አልተከራከረም። በነጠላ ጫማው በረዶው ላይ እየሮጠ መጣ፣ ጋቢው ወደቀ፣ ሄለንን ከላይ እስከ ታች ዳሰሳት። ከዚያ ተመልሶ አካፋውን ከጋራዡ ግድግዳ ነጠቀው።

"በቃ! ሁለተኛ ይሄን ማሽን አትነኪም" አለና ክምሩን መታው። አንዴ፣ ሁለቴ። ትንፋሹ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ከንፈሩ ግን ሰማያዊ መሰለኝ። ሮጬ የአካፋውን እጀታ ያዝኩ።

"ልቀቂ።"

"አልለቅም።"

"ብርቅነሽ፣ ልቀቂ ብያለሁ! ጎረቤት ያያል!"

"ይይ! ሮጀርም ይይ፣ አገሩ በሙሉ ይይ!"

"ምን ያስቸኩልሻል? አንድ ቀን ብትቀሪ ከሥራ ትባረሪያለሽ? መኪናችን እንደሆነ የትም አይሄድም። ይሄን ሁሉ መንገድ ለማን ነው የምትጠርጊው?"

"ለአምቡላንስ ነው!" አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ሰማሁት። "ስትወድቅ ገብተው እንዲያነሱህ ነው! እኔ እንደሆንኩ አንተን ተሸክሜ እዚህ መንገድ ድረስ መድረስ አልችልም!"

እጀታው በእጄ ውስጥ ቀለለ። ለቆታል። ሞተሩ ይንደቀደቃል፤ ሄለን አፏን በጓንቷ ይዛ ታለቅሳለች። አውቶቡሱ መብራቱን እያብለጨለጨ መጥቶ ቆመ። ታደሰ ሳያያት "ሂጂ፣ እናቴ" አላት፤ ሄደች። ከዚያ ጋቢውን ከበረዶው ላይ አንስቶ፣ አራግፎ፣ ወደ ቤት ገባ። ቀስ ብሎ ነው የሄደው፤ እንደ ታመመ ሰው። እኔ ማርሹን አንድ ላይ መለስኩና ጨረስኩት። ምን አደርጋለሁ?

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። አይቆጣም፣ አያኮርፍም፣ ምሳውን አቀርባለሁ ይበላል፣ መድኃኒቱን ይውጣል። ቴሌቪዥኑን ይከፍትና የማያውቀውን ሆኪ ያያል። እግዚአብሔር የተወለትን ልብ እኔ በአፌ ሰበርኩት ብዬ ፈራሁ። ሲተኛ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ጫልቱ ፎጣ እያጠፈች "ታዲያ ምን አለሽ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ተይው። ሰምቷል ማለት ነው።"

"ባይሰማ ይሻል ነበር።"

"ኧረ ባክሽ! መቼ ልትነግሪው ነበር፣ አምቡላንሱ መጥቶ ደጅ ሲቆም?"

ሳንስቅ አልቀረንም። ግን ደክሞኝ ነበር። ፍርሃት እንዴት እንደሚያደክም ያልፈራ ሰው አያውቀውም፤ ሙሉ ቀን ከቆምኩበት ሥራ ይልቅ ወደ ቤት ስመለስ እሱ በደህና መግባቱን ታክሲውን በር ላይ አይቼ እስካረጋግጥ ድረስ ያለው መንገድ ነበር የሚያደክመኝ።

የሚቀጥለው በረዶ ትንሽ ነበር፣ የዱቄት ዓይነት። ጠዋት ማሽኑን አስነስቼ ማርሹን አንድ ላይ አድርጌ እየጠረግሁ መሃል ስደርስ የቤቱ በር ተከፈተ። አካፋ ይዞ የወጣ መስሎኝ ዞር ብዬ እጁን አየሁ። ታደሰ ግን ባዶ እጁን ነው። ቦት ጫማውን አድርጎ፣ የቆዳ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ፣ እጆቹን ኪሱ ከቶ አጠገቤ ሳይቆም አልፎኝ ሄደ። መውጫው ላይ ደረሰና ወደ ቤቱ ዞረ። አንዱን ጠርዝ አየ፣ ሌላውን ጠርዝ አየ፤ ታክሲውን ጠባብ ቦታ ሊያስገባ ሲል እንደሚያደርገው አንገቱን ዘመም አድርጎ። ቆይቶ እጁን ከኪሱ አወጣና አቁሚ አለኝ። ማሽኑን ለቀቅሁት።

"ብርቄ" አለ።

"ወዬ።"

"እዚህ ጋ በሁለቱም በኩል ትንሽ ሰፋ አድርጊው። የጎን መስታወቱ ይነካል።"

"የምን መስታወት?"

"የአምቡላንሱ" አለ።

አሰፋሁት።